የካታሎግ ዋጋ ሌላ፣ የገበያ ዋጋ ሌላ፦ ሳንቲሙ በእውነት ስንት ያወጣል?

መነሻ ጽሑፍ

የዓለም ሳንቲም ለምትሰበስቡ ሁሉ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጥያቄዬ ይህ ነው። አንድን የመዳብና የኒኬል ሳንቲም ካታሎጉ፣ ማለትም የሳንቲሞች መለያና ዋጋ መጽሐፉ፣ በቬሪ ፋይን (በመጠኑ የተበላ፣ ዝርዝሩ ግን የሚታይ) ደረጃ 40 ዶላር ይለዋል። በቅርቡ በጨረታ የተሸጡት ሰባት ግን አማካይ ዋጋቸው 18 ዶላር እንኳ አይሞላም። ታዲያ የሳንቲሙ ዋጋ የትኛው ነው?

እኔ እንደሚመስለኝ ካታሎግ ሳንቲምን ለይቶ ለማወቅ እንጂ ዋጋ ለመቁረጥ አይሆንም። ከዋጋው ዐምድ የምቀበለው ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው። በአንድ ተከታታይ ውስጥ የአንዱ ዓመት ዋጋ የሌላውን አምስት እጥፍ ከሆነ፣ ያ ዓመት ከሌላው ብርቅ መሆኑን አምናለሁ። የስንት አምስት እጥፍ? ለሚለው ግን መልስ የሚሰጠው ሰው ከኪሱ አውጥቶ የከፈለው ገንዘብ ብቻ ነው። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

የውይይቱ ክር እየረዘመ ስለሄደ፣ ዘግይተው ለሚመጡ እንዲመች መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አሳጥሬ ከዚህ በታች አስፍሬአቸዋለሁ። ያልተስማማሁበትንም አልደበቅሁም። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ጀምረው፣ ካታሎጉ ዋሸ ከማለት በፊት ቁጥሩ የማን ዋጋ እንደሆነ መጠየቅ እንደሚገባ ጻፉ። የካታሎግ ዋጋ ነጋዴ ለሰብሳቢ አንድ ሳንቲም ነጥሎ ሲሸጥ የሚጠይቀው ነው፤ ባለቤቱ ሲሸጥ የሚያገኘው አይደለም። በመካከሉ ሳንቲሙን የመለየት፣ ፎቶ የማንሳት፣ በመያዣ የማሸግ፣ ሳይሸጥ መደርደሪያ ላይ የሚከርምበት ጊዜም አለ። በተለይ በተራ ሳንቲሞች ላይ ካታሎጉ የሚጽፈው ዝቅተኛ ዋጋ የድካም ዋጋ ነው አሉ። 3 ዶላር የተባለው ሳንቲም ራሱ ምንም ላያወጣ ይችላል፤ 3ቱ ዶላር ሳጥን ውስጥ ፈልጎ ላወጣው ሰው ነው። ስለዚህ ባለ 3 ዶላር 60 ሳንቲሞችን ደምሮ 180 ዶላር አለኝ ማለት ትልቁ ስህተት ነው። እንዲህ ያሉት በጅምላ፣ አንዳንዴም በኪሎ ተመዝነው ነው የሚሸጡት። ይህን መልስ ከክሩ ሁሉ አስቀድሜ አስነብበው ነበር።

መልስ 2

አጭር ነበር። በመልስ 1 ተስማምተው፣ ልዩነቱ በሁሉም ላይ እኩል አለመሆኑን ጨመሩ። ለገዢው ዐዲስ ያልሆነ፣ ዛሬ ተገዝቶ ነገ የሚሸጥ ሳንቲም ላይ ነጋዴው በትንሽ ትርፍ ይረካል። ምሳሌአቸው የእንግሊዝ ሶቨሪን (7.988 ግራም፣ ንጹሕ ወርቁ 7.32 ግራም) እና የፈረንሳይ 20 ፍራንክ (6.45 ግራም፣ ንጹሕ ወርቁ 5.81 ግራም) ናቸው። ተራ ዓመት ከሆነ ዋጋውን የሚወስነው የዕለቱ የወርቅ ዋጋ ስለሆነ ካታሎጉን መክፈት እንኳ አያስፈልግም።

መልስ 3

እዚህ ላይ ወደ ብር ገባን። ጸሐፊዋ ስሌቱን በደረጃ አስቀመጡት፦ ሳንቲሙን መመዘን፣ በብሩ ንጽሕና ማባዛት፣ በ31.1035 ማካፈል። የሚገኘው ትሮይ አውንስ (የወርቅና የብር መመዘኛ፣ 31.1035 ግራም) በዕለቱ ዋጋ ሲባዛ ሳንቲሙ ቢቀልጥ የሚያወጣውን ይሰጣል። ከዚያ ወለል በታች የተጻፈ ማንኛውም የካታሎግ ዋጋ የሞተ ቁጥር ነው አሉ። ማስረጃቸው 2020 ነበር። በመጋቢት ወር አንድ አውንስ ብር ከ12 ዶላር በታች ወርዶ ነበር፤ በነሐሴ 29 ዶላር ገደማ ደረሰ። በጸደይ የተዘጋጀ መጽሐፍ በበጋ አንባቢው እጅ ሲገባ፣ የተራ ብር ሳንቲሞች ዐምድ በሙሉ አርጅቶ ነበር ማለት ነው።

በእንግሊዝ ብር ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበትን ዓመትም አስታወሱ። እስከ 1919 ንጽሕናው 0.925 ነው፤ ከ1920 እስከ 1946 ወደ 0.500 ወርዷል፤ ከ1947 ጀምሮ ለዝውውር በወጡት ውስጥ ብር የለም። 14.14 ግራም የሚመዝነው ሃፍ ክራውን በ1919 ከሆነ 13.08 ግራም ብር አለው፤ በ1921 ከሆነ 7.07 ብቻ። መልኩ ያው፣ መጠኑ ያው፣ ብሩ ግን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው።

መልስ 4

ለመልስ 3 እርማት ነው። ስሌቱ ልክ ቢሆንም በካታሎጉ ክብደት አትሥሩ ይላል። ብዙ የተዘዋወረ ሳንቲም ከመበላቱ የተነሣ ይቀላል። ያው ሃፍ ክራውን ሚዛን ላይ 13.50 ግራም ከመጣ፣ ብሩ 12.49 ግራም ወይም 0.40 አውንስ ነው። ቅላጭ ብር የሚገዛውም ሰው ሙሉውን አይከፍልም፤ ንጽሕናው ዝቅ ያለ ብር ለማጣራት ብዙ ስለሚያስወጣ የ0.500ውን ከ0.925ው ይበልጥ ይቀንስበታል። ወለል የተባለውም ወለል እንግዲህ ትንሽ ዝቅ ይላል።

መልስ 5

የክሩ ድምፅ የተቀየረው ከዚህ ነው። ጸሐፊው መነሻ ጽሑፌ ላይ መጀመሪያ የነበረውን፣ ካታሎግ ሁልጊዜ ያጋንናል የሚለውን አቋሜን በቀጥታ ነቀፈው። በቻይና፣ በሕንድና በሩስያ ሳንቲሞች ላይ የታየው ተቃራኒው መሆኑን ጻፈ። በየአገሩ ሀብት ያፈሩ ሰብሳቢዎች ሲበዙ፣ ጥሩ ይዘት ያላቸው ሳንቲሞች ከካታሎጉ በእጥፍና ከዚያም በላይ ሲሸጡ መጽሐፉ ከኋላ ቀርቷል። ይልቁንም የአንሰርኩሌትድ፣ ማለትም ያልተዘዋወረው ዐምድ፣ በብዙ አገሮች ላይ ከዝቅተኞቹ ደረጃዎች በግምት ተባዝቶ የተሞላ ይመስላል ይላል። አንድ ሳንቲም በቬሪ ፋይን በየሳጥኑ ሊገኝ ይችላል፤ ባልተዘዋወረ ይዘት ግን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ለጨረታ ላይቀርብ ይችላል። እንዲህ ያለውን ካታሎጉ የዝቅተኛውን አራት እጥፍ ብሎ ያልፈዋል፤ ገበያው ሃያ እጥፍ ይከፍላል።

አነጋገሩ ሻካራ ነበር፤ ነጥቡ ግን ትክክል ነው። ያጋንናል ያልሁትን ቃል በዚያው ቀን ከጽሑፌ አወጣሁት። ስህተቱ በሁለቱም አቅጣጫ ነው፦ ከታች ባሉት ደረጃዎች ወደ ላይ፣ ከላይ ባሉት ወደ ታች።

መልስ 6

የዋጋ ክርክር ከተባለው አብዛኛው የደረጃ ክርክር ነው ሲሉ ጻፉ። ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ በ1949 ያወጣው የ1–70 መለኪያ ዛሬ ለዓለም ሳንቲምም ይሠራል፦ ቬሪ ፋይን ከ20 እስከ 35፣ ኤክስትሪምሊ ፋይን 40 እና 45፣ መዘዋወርን ጥቂት የቀመሰው ከ50 እስከ 58፣ ያልተዘዋወረው ከ60 ጀምሮ። ችግሩ ስሞቹ ከአገር አገር አንድ አለመሆናቸው ነው። የእንግሊዝ ነጋዴ ኤክስትሪምሊ ፋይን የሚለው አሜሪካዊው ከሚለው የጠበቀ ስለሆነ ወደ 50ዎቹ ይጠጋል። የጀርመኑ ዜር ሸን በጥሬው በጣም ያማረ ማለት ቢሆንም የሚገጥመው ከቬሪ ፋይን ጋር ነው። ከሁለት አገር የመጡ ሁለት ዋጋዎችን ደረጃቸውን ሳያስተካክሉ ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው።

ደረጃ ሲሰጥ መጀመሪያ የሚታየው የሳንቲሙ ከፍተኛ ቦታ ነው፤ ከጆሮ በላይ ያለው ፀጉር፣ ጉንጭ፣ የንስሩ ደረት። እዚያ ላይ የብረቱ ቀለም ከዙሪያው ከደበዘዘ፣ ዝርዝሩ ሁሉ ቢታይም ሳንቲሙ ተዘዋውሯል።

መልስ 7፣ 8 እና 9

መልስ 7 በቁጣ የተጻፈ ነው። መልስ 6 የጀማሪ ትምህርት መሆኑን፣ ዋናው ጉዳይ የተወለወለ ሳንቲም ሆኖ ሳለ ማንም አለማንሣቱን ገለጸ። አንቱ እየተባባሉ የመጡትን ሰዎች አንተ ማለት የጀመረውም እሱ ነው። የጻፈው ግን ለክሩ እጅግ ይጠቅማል። የካታሎግ ዋጋ ሁሉ የሚታሰበው ላልተወለወለ፣ ላልተበሳ፣ ለጌጥ ጆሮ ላልተበየደለት ሳንቲም ነው። የተወለወለውን ለማወቅ ሌላውን መብራት ሁሉ አጥፍቶ በአንድ አምፖል ሥር ማዘንበል ነው። የተፈጥሮ አንጸባራቂነቱ ያልተነካ ሳንቲም ሲዘነብል ብርሃኑ እንደ መንኰራኩር ጨረር ይዞራል። የተፋቀው ግን ይቈማል፤ ብርሃኑ አይዞርም፣ ምስልና ጽሑፍ በሌለበት ባዶ ሜዳው ላይም ጐን ለጐን የተሰለፉ ፀጉር የሚያህሉ ጭረቶች ይታያሉ። በፊደላቱ ሥር ጥቁር ቆሻሻ ቀርቶ ሜዳው የሚያበራ ከሆነም እጅ ገብቶበታል። እንዲህ ያለው ሳንቲም የካታሎጉን ግማሽ ካወጣ ባለቤቱ ዕድለኛ ነው። የተበሳው ደግሞ በጣም ብርቅ ካልሆነ በቀር ወደ ብረቱ ዋጋ ይወርዳል።

የመልስ 6 ጸሐፊ በ8ኛው ላይ ስድቡን አልመለሱም። ደረጃም ጽዳትም የአንድ ምርመራ ሁለት እርምጃዎች መሆናቸውን ብቻ ጻፉ። 9ኛው ሁለቱንም እንዲበርዱ ለመነ። እኔም ከ6ኛው ጋር ነኝ፤ ደረጃ የማያውቅ ሰው የመበላትንና የመወልወልን ልዩነት ሊያይ አይችልም።

መልስ 10

በክሩ ውስጥ ረጅሙና ለሥራ በጣም የሚረዳው ነው። ጸሐፊዋ የተሸጠበትን ዋጋ ራሱን እንዴት ማንበብ እንደሚገባ ዘረዘሩ። የተጠየቀ ዋጋ ዋጋ አይደለም፤ ለዓመታት ሳይሸጥ የተቀመጠ ሳንቲም ላይ የተለጠፈ ቁጥር የባለቤቱ ምኞት ነው። በኢንተርኔት ሽያጭ ላይ ደግሞ ድርድር ተቀብሎ የተሸጠ ከሆነ፣ የሚታየው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ እንጂ የተከፈለው አይደለም።

በጨረታም ሦስት ዋጋዎች አሉ። መዶሻው በ100 ወደቀ እንበል። የገዢ ተጨማሪ 20 በመቶ ከሆነ ገዢው 120 ይከፍላል። ከሻጩ 10 በመቶ ከተቈረጠ እጁ የሚገባው 90 ነው። አንዱ ድረ ገጽ 100 ብሎ ይመዘግባል፤ ሌላው 120። ሁለቱን ሳይለይ አማካይ ያወጣ ሰው ስሌቱ የተበላሸው ገና ሳይጀምር ነው። ፖስታውም ይታሰብ፤ በ8 ዶላር ሳንቲም ላይ 6 ዶላር ፖስታ የሚከፍል ገዢ በልቡ ሳንቲሙን 14 ብሎታል።

ከዚያ በኋላ አሠራራቸው ይህ ነው፦ በተመሳሳይ ደረጃ፣ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ የተሸጡ ቢያንስ አምስት መሰብሰብ፤ ከሁሉ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን መጣል፤ የቀሩትን ማየት። ከፍተኛው ሁለት ግትር ሰዎች የተፋለሙበት ሊሆን ይችላል፤ ዝቅተኛው ደግሞ ስሙ በተሳሳተ ፊደል ተጽፎ ማንም ሳያየው ያለፈ። አምስት ሽያጭ ካልተገኘ ያ ራሱ መልስ ነው፤ ሳንቲሙ ወይ ብርቅ ነው፣ ወይ የሚፈልገው የለም። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በተጫራቾቹ ብዛት ነው።

መልስ 11

በመልስ 10 ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመሩ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የጀመሩት ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች በፕላስቲክ አሽገው 65 ብለው የጻፉበትን ሳንቲም ዋጋ ላልታሸገው መዋስ አይቻልም። ገዢው ለሳንቲሙም ለፍርዱም ነው የሚከፍለው። ድርጅቶቹ ለስንት ሳንቲም ደረጃ እንደሰጡ የሚያወጡት ቆጠራም በጥንቃቄ ይነበብ። የተሻለ ቁጥር ፍለጋ ከእሽጉ ወጥቶ እንደገና የተላከ ሳንቲም ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። በሌላ በኩል የማሸጊያ ዋጋውን የማያወጣ ርካሽ ሳንቲም ማንም ስለማይልከው ቁጥሩ ሦስት ወይም አራት ይሆናል። ያንን አይቶ ብርቅ ነው ብሎ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ይጥላል።

መልስ 12፣ 13 እና 14

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ማርያ ቴሬዛ ታለር፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ምስል ወዳለበት የብር ሳንቲም፣ ዞረ። ከርእሳችን የራቀ ቢመስልም፣ ካታሎግ አንድ መስመር ጽፎ የሚያልፈው ሳንቲም ስንት ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል የሚያሳይ ስለሆነ አልቈረጥሁትም። 12ኛው እንዳስረዱት፣ ንግሥቲቱ በ1780 ከሞቱ ወዲህ ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ ሲቀረጽ ኖሯል። በ1935 ሮም፣ በ1936 ለንደን መቅረጽ ጀመሩ፤ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃምም ተከትለዋል። ሁሉም 1780 ይላሉ። ከነዚህ አብዛኞቹ በብራቸው ዋጋ የሚሸጡ ናቸው። በጊዜው በጉንዝቡርግ ከተማ የተቀረጸው የመጀመሪያው ግን ሌላ ዋጋ ነው ያለው። ሁለቱም ከምስሉ ሥር ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ፊደላት ስላሏቸው ፊደሉ አይለይም። የሚለየው ትከሻዋ ላይ ባለው የጌጥ መርፌ ዙሪያ ያሉት ዕንቁዎች ብዛትና ቅርጽ፣ የንስሩ ጅራት ላባዎች፣ በጠርዙ ላይ ጐልተው የተጻፉት የላቲን ቃላት አጨራረስ ነው።

13ኛው ሐሰተኛውን በውኃ ለመለየት መንገዱን ሰጠ። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጦ ወደ ዜሮ መመለስ፤ ታለሩን በቀጭን ክር አንጠልጥሎ የብርጭቆውን ወለልና ግድግዳ ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ማጥለቅ፤ ሚዛኑ የሚያነበውን መጻፍ። በደረቁ 28.07 ግራም የሆነው ታለር ውኃ ውስጥ 2.75 ያሳያል። 28.07 ለ2.75 ሲካፈል 10.2 ነው፤ ይህም ለ0.833 ብር ትክክለኛው ነው። ያንኑ የሚመዝን የመዳብና የኒኬል ሐሰተኛ ግን 3.15 ገደማ ያሳያል፣ ውጤቱም ወደ 8.9 ይወርዳል። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ሳንቲሙ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ነው፤ አረፋው የተገፋውን ውኃ ስለሚጨምር እውነተኛውን ብር ቀላል ያስመስለዋል። አንድ ጠብታ የእቃ ሳሙና ውኃው ውስጥ ማድረግ አረፋውን ያስለቅቃል።

14ኛው መለሰ፦ ይህ ብሩን እንጂ ዘመኑን አይነግርም። የጉንዝቡርጉም የሮሙም 10.2 ይመጣሉ። አጉሊ መነጽሩ ስለዚህ አይቀርም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው ጐደሎ ነው።

መልስ 15

ካታሎጉ የሚጽፈው ስንት እንደተቀረጸ እንጂ ስንት እንደቀረ አይደለም አሉ። አሜሪካ በ1918 ባወጣችው የፒትማን ሕግ 270 ሚሊዮን የብር ዶላሮች ቀልጠዋል፤ በየዓመቱ የተቀረጸው ብዛት ግን ካታሎጉ ላይ እንዳለ ቆሟል። ተቃራኒውም አለ። በኒው ኦርሊንስ የተቀረጸው የ1903 ዶላር ባልተዘዋወረ ይዘት በጣም ውድ ከሚባሉት አንዱ ነበር። በ1962 ከግምጃ ቤቱ ያልተከፈቱ ከረጢቶች ሲወጡ ግን ዋጋው ባንድ ጊዜ ተናደ። መጽሐፉ የጻፈውን አምነው የገዙ ሁሉ አብረው ወደቁ።

መልስ 16

ይህ በእኔ ላይ የተነሣ ነው፤ ጠንከር ያለ ነበር። ካታሎግን እየናቅህ የካታሎግ ቁጥር ካልጠቀስህ አንድ ሳንቲም እንኳ መሸጥ አትችልም የሚል ሐሳብ ነው። ከ1972 ጀምሮ የካታሎግ አዘጋጆቹ የክራውዝና የሚሽለር ቁጥር ባይኖር፣ ዛሬ የተሸጠ ዋጋ ፍለጋ የምንጽፈው ምን ነበር? እዚህ ላይ አልተከራከርሁም፤ መነሻው ጽሑፌም ካታሎግ ለመለያ ነው ያለ ስለሆነ። ሆኖም አንድ ጉድለት አስታወስሁ። አንድ ቁጥር ብዙ ዓይነት ሊሸፍን ይችላል። 1862 የሚለው የሕንድ ሩፒ ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ እስከ 1874 ሲቀረጽ ኖሯል፤ ሰብሳቢዎች የሚለዩት በጀርባው ባሉት ነጥቦች ብዛትና አቀማመጥ ነው። በአንድ መስመር የተጻፈ አንድ ዋጋ ለተራውም ለብርቁም ሊሆን አይችልም። እንዲህ ላለው የአገሩ ልዩ ካታሎግ ነው የሚያስፈልገው።

መልስ 17 እና 18

ወሬው ፈጽሞ ወጣ። 17ኛው ካታሎጉ ጥሩ ዋጋ የሰጠው ሳንቲሙ ላይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር አግኝቶ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀ። 18ኛው እንደመለሱት የፒቪሲ ፕላስቲክ መያዣ ያመጣው ነው፤ ካልተወገደ ብረቱን ይበላል። ንጹሕ አሴቶን (ቅባትና ፕላስቲክ የሚያሟሟ ፈሳሽ) በመስታወት ዕቃ ውስጥ አፍስሶ፣ ሳንቲሙን ለጥቂት ደቂቃ ነክሮ፣ በሌላ ንጹሕ አሴቶን ማጠብና ሳይፈትጉ በራሱ እንዲደርቅ መተው ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ዘይትና ሽታ ስላለበት አይሆንም። በመስታወት ፋንታ የፕላስቲክ ኩባያ ከሆነም ሊቀልጥ ይችላል። መስኮት ተከፍቶ፣ እሳት ርቆ መሠራት አለበት። ይህ እንደ መወልወል አይቆጠርም፤ አሴቶን የብረቱን ገጽ አይነካም።

መልስ 19

የመልስ 10 ጸሐፊ ተመልሰው መጥተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ መነሻው ላይ የጠቀስሁአቸውን የሰባቱን ሳንቲሞች ፎቶ አንድ በአንድ አይቻቸው ነበር ወይ?

አላየኋቸውም ነበር፤ የደመርሁት ቁጥሩን ነው። ፎቶዎቹን ከፍቼ አየሁ። አራቱ መልስ 7 እንደገለጸው ሜዳቸው የተፋቀ ነው፤ የተሸጡት በ9፣ በ10፣ በ12 እና በ12 ነው። ያልተነኩት ሦስቱ 24፣ 26 እና 29 አውጥተዋል። ካታሎጉ ያለው 40 አሁንም ከፍ ያለ ነው፤ መነሻው ላይ የጻፍሁትን 18 ግን በዚሁ አርሜዋለሁ።